አረፋ ያላወጣው መርፌ

ሲስተር አብረኸት ማረፋቸውን የነገረኝ የደም ግፊት መለኪያ ሊያሠራ የመጣ ደንበኛ ነው። መሣሪያውን ጠረጴዛዬ ላይ አስቀመጠና «ቶሎ ይደርስልኛል? ቀብር አለብኝ» አለኝ። የማን ቀብር እንደሆነ ጠየቅኩት።

«እዚሁ ዓዲ ሓቂ የነበረች ነርስ ናት። የሴቶችን ከንፈር ትነቅስ የነበረችው። አላወቅካትም?»

አውቃቸዋለሁ አልኩት። ከዚያ በላይ አልተናገርኩም። ሲስተር አብረኸት በሕይወታቸው አንድም ሰው ነቅሰው አያውቁም። ያንን ስም ያሰጠኋቸው እኔ ነኝ። ይህን ከእሳቸውና ከእኔ በቀር የሚያውቅ አልነበረም፤ ከዚያን ቀን ጠዋት ጀምሮ ደግሞ የማውቀው እኔ ብቻ ሆንኩ። ሰውዬው ሲሄድ የመለኪያውን የጎማ ቱቦ ቀየርኩ፤ አየር እንደማያስወጣ ሦስት ጊዜ ፈተሽኩ። ሰፈሩ ውስጥ «ክብሮም ጠንቃቃ ነው» ይባልልኛል። ስለ እሳቸው ሳስብ ከሁሉ አብልጬ የማፍረው በዚህ ቃል ነው።

ሲስተር አብረኸት አጭር፣ ቀጥ ብለው የሚራመዱ ሴት ነበሩ። የተወለዱት ተምቤን ገጠር ነው። ግንባራቸው ላይ በልጅነታቸው የተነቀሰ ትንሽ መስቀል ነበረ፤ አንደኛው ክንዱ ከሌላው ያጥራል። ሰው ትኩር ብሎ ካየው «ነቃሿ አስነጥሷት ነው» ይላሉ። ጡረታ ከወጡ በኋላም የነርስ ነጭ ጫማቸውን አልተዉም። እጃቸውን ሲታጠቡ እስከ ክርናቸው ነው፤ ለሻይም ቢሆን። ከእኔ ጋር ስለ ሥራ የሚያወሩት በአማርኛ ነበር፤ አባቴ የቆቦ ሰው ስለነበር ቤታችን የሚነገረው አማርኛ መሆኑን ያውቃሉ። ሲቆጡ ግን ትግርኛው ይቀድማቸዋል።

ብዙ ዓመት የሠሩት ዓይን ክፍል ውስጥ ነው። ትራኮማ ሽፋሽፍታቸውን ወደ ውስጥ ያጠፈባቸው የገጠር ሰዎች ይመጣሉ፤ እሳቸው ዓይን የሚወጋውን ፀጉር አንድ በአንድ በኤሌክትሪክ መርፌ ከሥሩ እየገደሉ ያወጣሉ። «ሽፋሽፍት ሥር ያልተንቀጠቀጠ እጅ የትም አይንቀጠቀጥም» የሚሉት ለዚህ ነበር። ጡረታ ሲወጡ፣ አዲስ አበባ የውበት ሳሎን የነበራት የወንድማቸው ልጅ ሱቋን ዘግታ መሣሪያዋን ሰጠቻቸው። ኤሌክትሮሊሲስ የሚባለውን ሥራ የሚሠራ፣ የጫማ ካርቶን የሚያህል ሳጥን ነው። ሁለት ሽቦዎች ይወጡለታል። አንደኛው መርፌው ጋ ይደርሳል፤ ሌላኛው የምትታከመው ሴት በእጇ የምትጨብጠው የነሐስ ዘንግ ጋ። ሁለቱንም አይጥ በልቷቸው ነበር። ሲስተርን ወደ እኔ ሱቅ ያመጣቸው ይህ ነው።

«ወደይ» አሉኝ፤ ልጄ ማለታቸው ነው፤ «ይህን የበላው አይጥ ነው። የተረፈውን አንተ እንዳትበላው።»

«ለምን የሚሆን ነው?»

«የሴቶችን የላይ ከንፈር ፀጉር ከሥሩ የሚያጠፋ ነው።»

«ለጺም?» አልኩ ሳላስበው።

ሳጥኑን መልሰው አቀፉት። «ውጣ።»

«እ?»

«ከሱቅህ ውጣ። ከዚያ አንኳኩተህ፣ ሰላም ብለህ ግባና እንደገና ጠይቀኝ።»

ወጣሁ። ጎረቤቴ ልብስ ሰፊው መኪናውን አቁሞ «ክብሮም፣ ዛሬ ከገዛ ሱቅህ ተባረርክ?» አለና ሳቀብኝ። አንኳኳሁ፣ ሰላም አልኩ፣ ገባሁ። «የላይ ከንፈር ፀጉር» አልኩ።

«አሁን ሰው ሆንክ» አሉና ሳጥኑን አስቀመጡት። «ጺም የወንድ ነው። ሴትን ጺም አለሽ ያልካት ቀን ከመስታወት ጋር ታጣላታለህ። የእኔ ቤት ውስጥ ያ ቃል አይገባም።»

እኔ ትምህርት ቤት ከዘጠነኛ ክፍል አላለፍኩም። ጥገና የተማርኩት ከተጣሉ ራዲዮኖችና ስልክ ላይ ከማያቸው ቪዲዮዎች ነው። የምስክር ወረቀት ስለሌለኝ ሁሉን ነገር ደብተር ላይ አሰፍራለሁ፤ የትኛው ብሎን ከየትኛው ቀዳዳ እንደወጣ፣ የትኛው ቀለም ያለው ሽቦ የት እንደታሰረ። የሲስተርን መሣሪያ ስፈታም ሥዕሉን ሣልኩ። የሁለቱ ሽቦዎች ልባስ ግን ተበልቶና ጠቁሮ ቀለሙ አይለይም ነበር። እዚያ ቦታ ላይ የጥያቄ ምልክት አደረግኩ። ሁለት ቀን አየሁት። በሦስተኛው ቀን «ሥራውን የሚሠራው መርፌው ነው፤ ስለዚህ የሳጥኑ ቀይ መውጫ የመርፌው ነው» ብዬ ለራሴ ወሰንኩ። ቀዩን፣ ፖዘቲቩን፣ ወደ መርፌው አሰርኩ። ደብተሩ ላይ ያለውን የጥያቄ ምልክት ሰረዝኩት።

ሲስተር ቤታቸው ፊት ለፊት ያለችውን አንዲት ክፍል ነጭ ቀለም አስቀብተው ነበር። መሣሪያውን ስወስድላቸው ወንበሩ ላይ አስቀመጡኝ። «መጀመሪያ የሠራው ይቅመሰው» አሉ። ሕጋቸው ነበር። ግራ ክንዴን በአልኮል ጠረጉ፤ ከዚያ መርፌውን ከማስገባታቸው በፊት የትንሿን ጣታቸውን ጀርባ ክንዴ ላይ ለአፍታ አሳረፉ። ሁልጊዜ እንዲህ ነው የሚያደርጉት። «ቆዳው መርፌውን ከማወቁ በፊት እጄን ይወቅ» ይሉ ነበር። አምስት ፀጉር አወጡ። ጉንዳን እንደነከሰኝ ያህል ተሰማኝ፤ ፀጉሩ ሳይጎተት ሹልክ ብሎ ወጣ። እኔ ደስ አለኝ። እሳቸው ግን ማጉያ መነጽራቸውን ክንዴ ላይ አስጠጉ።

«አረፋው የት አለ?»

«የምን አረፋ?»

«መርፌው ሲሠራ ከፀጉሩ ሥር ነጭ አረፋ ብቅ ይላል። ሥሩ እየሞተ መሆኑን የማውቀው በእሱ ነው።» ቀና አሉ። «ድሮ ጠዋት ጠዋት ሁለቱን ጫፍ ጨው ውሃ ውስጥ ነክረን፣ አረፋው በመርፌው በኩል ሲፈላ ሳናይ ሥራ አንጀምርም ነበር። እስቲ ብርጭቆ ላምጣ።»

የጨው ውሃው ደብሮኝ ነበር። እኔ ቴስተር አለኝ፤ ከረንቱን ለክቻለሁ፤ ቁጥሩን ጽፌዋለሁ። «ሲስተር፣ አረፋ የሚያወጡት የድሮዎቹ ናቸው። ይሄ አዲስ ዓይነት ነው» አልኳቸው። ይህን የትም አላነበብኩም። ማንም አልነገረኝም። ከአፌ ሲወጣ ግን የማውቀው ነገር መሰለ።

ከወንበራቸው ተነሥተው ነበር። ተመልሰው ተቀመጡ። «እሺ። አንተ ታውቃለህ» አሉ።

እስከዚያ ቀን ድረስ «አንተ ታውቃለህ» ያለኝ ሰው አልነበረም። ያንን ያሉት ደግሞ እጃቸውን ለሻይ እስከ ክርናቸው የሚታጠቡት ሲስተር አብረኸት ናቸው። ቤቴ እስክደርስ ድረስ ቃሉን በልቤ ደጋገምኩት።

በሦስተኛው ቀን ክንዴ ላይ አምስት ጥቁር ነጠብጣቦች አየሁ፤ የመርፌ ራስ የሚያህሉ። በሳሙና አሸኋቸው፤ በአልኮል አሸኋቸው። የብየዳ ጥቀርሻ ነው አልኩ። የብየዳ ጥቀርሻ ምን እንደሚመስል አውቃለሁ፤ ይህ እንዳልሆነም አውቄያለሁ። እጅጌዬን ወደ ታች አወረድኩና ቁልፉን ቆለፍኩት።

የመጀመሪያዋ ታካሚ ትርሓስ ነበረች፤ የመዋዕለ ሕፃናት መምህርት፣ በእኔ ዕድሜ ያለች። ሲስተር ለመጀመሪያው ቀን አጠገባቸው እንድሆን ለምነውኝ ነበር። ልጅቷ እንዳታፍር ከመጋረጃ ጀርባ፣ ከመሣሪያው አጠገብ አስቀመጡኝ። የምሰማው ድምፃቸውን ብቻ ነው። ቀድመው አምስት ቀን ምላጭ እንዳታስነካው አዝዘዋት ነበር፤ ፀጉሩ ካልታየ መርፌው ሥሩን አያገኝም። አምስቱን ቀን ነጠላዋን እስከ አፍንጫዋ ተከናንባ ነው ያሳለፈችው።

«ሲስተር፣ ልጆቹ ‹መምህር ለምን ተሸፈንሽ› ብለው ጨረሱኝ። ጥርሴን አሞኛል አልኳቸው። አንዷ ከቤቷ ሰርቃ ቅርንፉድ አመጣችልኝ።»

«ምን አደረግሽው?»

«ይኸው፣ ቦርሳዬ ውስጥ ነው። እንዴት ልጣለው?»

ሁለቱም ሳቁ። ከዚያ ትርሓስ ድምፅዋን ዝቅ አደረገች። ከአሥራ ስድስት ዓመቷ ጀምሮ በየቀኑ እናቷ ሳትነሣ እንደምትላጭ ተናገረች። «ሲያመኝ እንኳ መጀመሪያ የማስበው ምላጩን ነው። ሆስፒታል ብተኛ ማን ይላጨኛል እላለሁ። ሰው ስለ ሕመሙ ይጨነቃል፤ እኔ ስለ ከንፈሬ።»

ሲስተር ሲነሡ ሰማሁ። የውሃው ቧንቧ ተከፈተ፤ እጃቸውን ለረጅም ጊዜ ታጠቡ። «ጓለይ፣ ልጄ፣ ስሚኝ» አሉ ሲመለሱ። «አንድ ፀጉር አንድ ሥራ ነው። ዛሬ ከግራ በኩል አሥራ አምስት ብቻ አወጣለሁ። ወራት ይፈጃል፤ ፈጣን ነው ብዬ አልዋሽሽም። ዛሬና ነገ ይቀላል፣ ትንሽ ቅርፊት ያወጣል፤ አትላጪው። ሁለት ቀን ሙቅ ውሃ የለም፤ ጠበል የለም፤ ጉንጭ መሳም የለም።»

«አርባ ልጅ ነው እኮ የሚስመኝ!»

«ተሰለፉ በያቸውና እጅሽን ይሳሙ። እንደ ጳጳስ።»

ጀመሩ። የነሐሱን ዘንግ እንድትጨብጥ ነገሯት። «ይህ የእኔ ጣት ነው» ሲሉ ሰማሁ፤ ከዚያ «አንድ» አሉ። ሁለት። ሦስተኛው ላይ ቆሙ።

«ክብሮም» አሉ ከመጋረጃው ማዶ። «አሁንም አረፋ የለም።»

እጅጌዬ እንደተቆለፈ ነበር። ከጨርቁ ሥር አምስቱ ነጠብጣቦች የት የት እንዳሉ ሳላይ መጠቆም እችል ነበር። አንድ ቃል ብቻ ይበቃ ነበር፤ «ቁሙ» ማለት ብቻ።

«ልክ ነው ሲስተር» አልኩ።

«አራት» አሉ።

ከሳምንት በኋላ ትርሓስ ከእናቷ ጋር መጣች። እናቷን ሰፈሩ ሁሉ አደይ ለምለም ይላቸዋል፤ ገበያ ውስጥ በርበሬ የሚሸጡ፣ ድምፃቸው ከበርበሬያቸው የማይተናነስ ሴት ናቸው። እኔ የክፍሉን አምፖል እየቀየርኩ ወንበር ላይ ቆሜ ነበር። አደይ ለምለም የልጃቸውን ነጠላ ከፊቷ ገለጡት። ቅርፊቱ ረግፎ ነበር። ከላይኛው ከንፈሯ በላይ፣ በግራ በኩል፣ አሥራ አምስት ጥቁር ነጥቦች ተደርድረዋል።

«እንዲህ አድርጊልኝ ብላሻለች? እኛ ንቅሳት መቼ ጠየቅን! እናቴ እንኳ ስትነቀስ መልክ ያለው ነገር ነው የተነቀሰችው! ይህ ምንድን ነው? የዝንብ ኩስ ነው?»

ትርሓስ አላለቀሰችም። ወለሉን ታያለች። ሲስተር ወንበር ላይ አስቀመጧትና በማጉያው እያንዳንዱን ነጥብ አዩ። ሲጨርሱ መሣሪያውን አዩ፤ ከዚያ ቀና ብለው እኔን አዩኝ። አምፖሉን በእጄ እንደያዝኩ ነበርኩ። አንድ ጊዜ ብቻ ነው ያዩኝ።

«የእኔ እጅ ነው» አሉ ለአደይ ለምለም።

«እጅሽ ይቆረጥ!» አሉ አደይ ለምለም። ልጃቸውን ይዘው ወጡ፤ እየተሳደቡ እስከ መንገዱ ዳር ድረስ ተሰሙ።

ከወንበሩ ወረድኩ። ሲስተር ወደ ቤት ገቡ። ብርጭቆ አመጡ፣ ውሃ ሞሉ፣ ጨው ጨመሩና ሁለቱን ጫፍ ነከሩ። አረፋው ተፍለቀለቀ፤ በዘንጉ በኩል። መርፌው ያለበት ወገን ቀስ በቀስ ዝገት የመሰለ ቀለም ለቀቀ። ሽቦው ተገልብጦ ነበር፤ መርፌው ብረቱን እያሟሟ ቆዳ ውስጥ ሲተው ኖሯል። ለሕፃን እንኳ የሚገባ ነገር ነበር።

«ፍታና አዙረው» አሉኝ በረጋ ድምፅ።

«ሲስተር፣ እኔ ነኝ እኮ…»

«ሽቦውን አንተ አሰርከው። አረፋ እንደሌለ በዓይኔ ያየሁት ግን እኔ ነኝ። አይቼ ቀጠልኩ። መርፌ የያዘ ሰው በሽቦ አያሳብብም።»

ሽቦውን ለመፍታት ስጎነበስ የእጅጌዬ ቁልፍ አልተቆለፈም ነበር፤ ጠዋት ሙቀቱ አስፈትቶኝ ነበር። እጅጌዬ ወደ ክርኔ ተሰበሰበ። ሲስተር ክንዴን አዩት። አምስቱን ነጥቦች አዩ። ከትርሓስ በፊት የተሠራው እሱ መሆኑን፣ እኔም ቀድሜ ማየቴን ከዚህ በላይ ማስረዳት አያስፈልጋቸውም ነበር። ይጮኹብኛል ብዬ ጠበቅኩ። እጃቸውን ዘረጉና እጅጌዬን ቀስ ብለው ወደ አንጓዬ አወረዱት፤ ቁልፉንም እሳቸው ቆለፉልኝ። ከዚያ ብርጭቆውን ሊያጥቡ ሄዱ።

ቢመቱኝ ኖሮ እስካሁን እረሳው ነበር።

ወሬው ከገበያ ተነሥቶ ዓዲ ሓቂን ለመዞር አንድ ሳምንት አልፈጀበትም። «የነቃሿ ቤት» አሉት። ሊጀምሩ ቀጠሮ ይዘው የነበሩ ሴቶች ቀሩ። በሰፈሩ የሚከራዩ የዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች በደጃፉ ሲያልፉ ከንፈራቸውን በእጃቸው ሸፍነው ይሳሳቃሉ። ሲስተር ታፔላቸውን ራሳቸው ነቀሉት። እኔ ሱቄ ውስጥ ሆኜ ይህን ሁሉ እሰማለሁ፤ አንዳንዱ ወሬውን የሚነግረኝ ለእኔው ነበር። «መሣሪያውን አንተ አይደለህ የሠራኸው?» ብሎ የጠየቀኝ አንድ ልብስ ሰፊው ብቻ ነው። «መሣሪያው ደህና ነው» አልኩት። በዚያን ሰዓት እውነት ነበር፤ ካዞርኩት በኋላ ደህና ነበር።

ከወር በኋላ ሲስተር ሊታረቁ ሄዱ። ከተማ ውስጥ ዛሬ ዛሬ ሰው በስልክ ይቅርታ ይጠይቃል። እሳቸው በአባቶቻቸው ወግ ነው የሄዱት፤ ቄስና ሁለት ሽማግሌዎች አስቀድመው፣ ድንጋይ ማጅራታቸው ላይ ተሸክመው። እኔን አልጠሩኝም። ሲወጡ አይቼ ከኋላ ተከተልኩ። የአደይ ለምለም ቤት ወደ ቃላሚኖ በሚወስደው መንገድ ላይ ነው፤ ሩቅ አይደለም። ስድሳ ዓመት ላለፋት ሴት፣ ድንጋይ ተሸክማ፣ አንገቷን ሰብራ ግን ሩቅ ነው። ነጭ ጫማቸው አቧራ ለብሶ ነበር።

ደጃፉ ላይ ጎረቤት ተሰብስቧል። ሲስተር ጎንበስ እንዳሉ ቆሙ። ቄሱ የመጡበትን ተናገሩ። አደይ ለምለም እጃቸውን አጣምረው አዳመጡ። ከዚያ ቄሱ፣ እርቅ ሲወርድ የሚጠየቀውን ጠየቁ።

«በዚህ ጥፋት ሌላ እጁ ያለበት ሰው አለ? ካለ ድንጋዩ ሳይወርድ ይናገር።»

ሲስተር «አለ» አላሉም፤ «የለም»ም አላሉም። ፊታቸው ወደ መሬት ስለሆነ ከሰው መካከል መቆሜን ያዩ አይመስለኝም። ቄሱ ጠበቁ። ጥቂት ጊዜ አልነበረም፤ አንድ ሽማግሌ የቆሙበትን እግር ቀያየሩ፣ አንዲት ሴት ልጇን ከአንዱ ጎኗ ወደ ሌላው አዞረች። ሰው ሁሉ የሚያየኝ መሰለኝ፤ ማንም አላየኝም።

«እንግዲያስ ይቅር ተባባሉ» አሉ ቄሱ።

ድንጋዩን ያወረደችው ትርሓስ ናት። በሁለት እጇ ነበር ያነሣችው። ሲስተር ወዲያው ቀና ማለት አልቻሉም፤ እሷ ትከሻቸውን ይዛ ቀና አደረገቻቸው። አደይ ለምለም ሳሟቸው። ይቅርታው እዚያ ደጃፍ ላይ ቀረ፤ ወሬው ግን ከእሱ ቀድሞ ወጥቶ ነበር።

ከዚያ በኋላ ማንም ያልጠበቀው ነገር ሆነ። ትርሓስ ሕክምናውን ልቀጥል አለች። ሲስተር መሣሪያቸውን በከረጢት ይዘው በየቅዳሜው ወደ ቤቷ ይሄዱ ጀመር። መጀመሪያ የጨው ውሃ፣ ከዚያ ጣታቸው፣ ከዚያ መርፌው። ወራት ፈጀ፤ እንዳሉትም ፀጉሩ ሁሉ ጠፋ፣ አንድም አዲስ ነጥብ ሳይወጣ። የግራዎቹ አሥራ አምስቱ ወደ ሰማያዊ ደበዘዙ እንጂ አልለቀቁም። እጃቸው ምን ያህል ጥሩ እንደነበረ ያወቀች ሴት በዚህ ከተማ አንዲት ብቻ ናት።

ከእኔ ጋር አልተኳረፉም። የሚበላሽባቸውን ሁሉ ለእኔ ያመጡ ነበር፤ አንዳንዱ ያልተበላሸ ነበር። እኔ ግን ዓይናቸውን ማየት ስለማልችል ሥራ የበዛብኝ እመስላለሁ። ለመጨረሻ ጊዜ ሲመጡ ሙቀቱ ከባድ ነበር። ወንበር ላይ ተቀምጠው ስሠራ ያዩኝ ነበር። ክረምት ከበጋ እጅጌዬን እንደማልሰበስብ አስተውለው ኖሯል። «ወደይ፣ በቃህ። ሰብስበውና አየር ያግኘው» አሉ። ምን ማለታቸው እንደሆነ ገብቶኛል። «አይሞቀኝም» አልኳቸው። ራሳቸውን ነቀነቁና ሄዱ።

ቀብራቸው ላይ ራቅ ብዬ ቆምኩ። በማግሥቱ ለቅሶ ቤት ሄድኩ። ድንኳኑ ሞልቶ ነበር። ትርሓስ ነጠላዋን ትከሻዋ ላይ አጣፍታ፣ ፊቷን ሳትሸፍን፣ ውሃ ታድላለች። ወደ ጓሮ ስትዞር ተከተልኳት።

«ትርሓስ፣ የዚያን ቀን ጥፋት የሲስተር አልነበረም። ሽቦውን ገልብጬ ያሰርኩት እኔ ነኝ። ነጥቡም አንቺ ላይ ከመውጣቱ በፊት እኔ ክንድ ላይ ወጥቶ አይቼዋለሁ።»

ማንቆርቆሪያውን መሬት ላይ አስቀመጠችው። «ከመጋረጃው ጀርባ የነበርከው? ‹ልክ ነው ሲስተር› ያልከው?»

«አዎ።»

«ድንጋዩን ከማጅራታቸው ያወረድኩት እኔ ነኝ። ምን ያህል እንደሚከብድ ታውቃለህ?»

«አላውቅም።»

«አታውቅማ።» ማንቆርቆሪያውን አነሣች። «ለእኔ መንገር ቀላሉ ነው። እኔ እኮ እሳቸውን ይቅር ያልኩት ድንጋይ ሳይሸከሙ ነው። ሂድና ለእናቴ ንገራት። ዓዲ ሓቂን ሁሉ ነቃሿ ያስባለችው እሷ ናት።»

አደይ ለምለም ድንኳኑ ውስጥ ከሴቶቹ መካከል ተቀምጠዋል። የወንዶቹን ወንበር አልፌ ወደዚያ ሄድኩና ጆሯቸው አጠገብ ጎንበስ አልኩ። ሹክ ብዬ ነገርኳቸው። ሴቶቹ ያወራሉ፤ አንዲት አልቃሽ ደግሞ ገና መጥታ እያለቀሰች ነበር።

«እ? ምን አልክ?»

ደገምኩት።

«አልሰማሁህም እኮ ልጄ! ጮክ በል! ወንድ አይደለህ?»

ቀና አልኩ። በሕይወቴ ሰው ፊት ጮክ ብዬ ተናግሬ አላውቅም። «ሽቦውን ያበላሸሁት እኔ ነኝ!» አልኩ። «ሲስተር አረፋ የለም ብለው ጠይቀውኝ ነበር፤ ልክ ነው ብዬ የዋሸኋቸው እኔ ነኝ! ድንጋዩንም ሲሸከሙ እዚያው ቆሜ ዝም ብያለሁ!»

አልቃሿ እንኳ ለቅሶዋን አቆመች። ከወንዶቹ ወገን አንድ ሰው ጉሮሮውን ጠረገ። ማንም ተቀመጥ አላለኝም፤ ማንም ውጣ አላለኝም።

አደይ ለምለም እኔን አላዩኝም። ፊታቸውን በግራና በቀኝ ወደ ተቀመጡት ሴቶች አዞሩ፤ አንድ በአንድ አዩዋቸው።

«ሰማችሁ?» አሉ። «ያኛውን እንዳወራችሁ ይህንንም አውሩት።»